የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ታሪክ፤ ከዐዋጅ በኋላ ከቅጣት በፊት

ሕግ ለሁሉ ይታወጃል፤ ማስጠንቀቂያ ግን ለአንድ ሰው ይጻፋል። በቀድሞው ዘመን በአገራችን ዐዋጅ ሲነገር ነጋሪት በገበያ መካከል ይጐሰም ነበር፤ ገበያተኛውም ሸክሙን አውርዶ ያዳምጥ ነበር። በእኛ አቈጣጠር በ1934 ዓ.ም. የመንግሥት ሕግ ማውጫ ጋዜጣ ሲቋቋም «ነጋሪት ጋዜጣ» ተብሎ መሰየሙ የዚያ ነጋሪት ድምፅ በወረቀት ላይ እንዲቀጥል በመታሰቡ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። ነገር ግን ዐዋጁን ሰምቶ ወደ ቤቱ የገባ ሰው ሁሉ ለእርሱ ለራሱ እንደ ተነገረ አድርጎ አይቀበለውም፤ «ለሌላው ነው» የሚለው ይበዛል። ዳኛም በበኩሉ የሚቀመጠው ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። እንግዲህ በዐዋጁና በቅጣቱ መካከል ሰፊ ሜዳ አለ። ሕግ አስከባሪው ሹም በዚህ ሜዳ ላይ ቆሞ «አንተ እገሌ፥ ይህን ነገር እስከዚህ ቀን ድረስ አስተካክል፤ ያለዚያ በሕግ ትጠየቃለህ» ብሎ የሚጽፈው ወረቀት እንዴት ያለ ታሪክ እንዳለው በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ እንሞክራለን።

«ማስጠንቀቂያ» የሚለው ቃል ራሱ ነገሩን ይገልጠዋል። ሥሩ «ተጠነቀቀ» ነውና ማስጠንቀቅ ማለት ሌላውን እንዲጠነቀቅ ማድረግ እንጂ ማስፈራራት ማለት አይደለም። ይሁን እንጂ ከሹም እጅ የሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ ማስጠንቀቂያ አይባልም። ምክር አለ፤ አሳብ መግለጫ አለ፤ ልመናም አለ። በእነዚህና በእውነተኛው ማስጠንቀቂያ መካከል ያለውን ልዩነት አጥርቶ ለማወቅ በእንግሊዝ አገር ከ1833 እስከ 1974 ድረስ 141 ዓመት ፈጅቷል፤ በመካከሉም ብዙ ሰው አካሉን፥ ብዙ ሰውም ሕይወቱን አጥቷል። የዚያን አገር ታሪክ የመረጥንበት ምክንያት የፋብሪካ ሥራ ቀድሞ የተስፋፋው በዚያ ስለ ሆነና ኢንስፔክተሮቹም ከመጀመሪያው ጀምሮ ያዩትን ሁሉ እየጻፉ ለመንግሥት ያቀረቡት ራፖር ታትሞ ስለሚገኝ ነው። የእኛ አቈጣጠር መሆኑን ካላመለከትን በቀር ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1833 የወጣው የፋብሪካ ሕግ በጥጥና በሱፍ ፋብሪካዎች ውስጥ ዕድሜያቸው 9 ዓመት ያልሞላ ሕፃናት እንዳይሠሩ ከለከለ። ከ9 እስከ 13 ዓመት ያሉት በቀን ከ9 ሰዓት፥ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉት ደግሞ ከ12 ሰዓት የበለጠ እንዳይሠሩ ወሰነ። ከዚያ በፊትም ይህን የመሳሰሉ ሕጎች ወጥተው ነበር፤ ነገር ግን መፈጸማቸውን የሚከታተል ሰው ስላልተመደበ በወረቀት ላይ ቀርተዋል። የ1833ቱ ሕግ አዲስነቱ አራት ኢንስፔክተሮችን መሾሙ ነው። አራት ሰዎች በሺሕ ለሚቈጠሩ ፋብሪካዎች! ከአራቱ ስሙ የገነነው የስኮትላንዱ ተወላጅና የሥነ ምድር ሊቅ ሊዮናርድ ሆርነር ነው። ይህ ሰው እስከ 1859 ድረስ ሃያ ስድስት ዓመት ያህል በዚሁ ሥራ ቈይቷል።

ኢንስፔክተሮቹ መጀመሪያ ሲሾሙ ደንብ የማውጣትና እንደ ዳኛ የመፍረድ ሥልጣን ጭምር ነበራቸው። የ1844ቱ ሕግ ይህን ሥልጣን አነሣባቸው። ከዚያ ወዲህ ኢንስፔክተሩ በደል ሲያገኝ ወይ መምከር ወይ ባለፋብሪካውን በአጥቢያ ዳኞች ፊት መክሰስ ነበረበት። የአጥቢያ ዳኞቹ ደግሞ እነማን ነበሩ? በፋብሪካ ከተሞች የታወቁትና የተከበሩት ሰዎች ባለፋብሪካዎቹ ራሳቸው ስለ ነበሩ ከዳኝነቱም ወንበር ላይ የሚገኙት እነርሱና ዘመዶቻቸው ነበሩ። በስቶክፖርት ከተማ የሆነውን ነገር ካርል ማርክስ ከኢንስፔክተሮች ራፖር ወስዶ በ1867 በታተመው መጽሐፉ ጽፎታል። አንድ የጥጥ ፋብሪካ ባለቤት ሠራተኞቹን በየተራ እያስገባና እያስወጣ፥ ማን ስንት ሰዓት እንደ ሠራ ኢንስፔክተሩ መቍጠር እንዳይችል የሚያደርግ ዘዴ አውጥቶ ፈቃድ ጠየቀ። ኢንስፔክተሩም አልፈቅድም አለ። ባለፋብሪካው ዝም አለ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ ባለፋብሪካ ያንኑ ዘዴ ሥራ ላይ አውሎ ተከሰሰ። ከተሰየሙት አራት ዳኞች ሦስቱ የጥጥ ፋብሪካ ባለቤቶች ነበሩ፤ ከእነርሱም ዋናው ያ ዘዴውን ያወጣው ሰው ነበር። ተከሳሹ በነጻ ተለቀቀ። ዳኛውም ለሌላው የተፈቀደ ለእኔም ይገባል በማለት በገዛ ፋብሪካው ዘዴውን ሥራ ላይ አዋለ። ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን ዘዴው የተፈተነባቸው ሰዎች ሴቶችና ልጆች ነበሩ።

ይህ እንዲህ ሆኖ ሳለ በ1844ቱ ሕግ ውስጥ አንድ ዘር ተዘርቶ እናገኛለን። በዚያን ዘመን የፋብሪካ ማሽኖች የሚንቀሳቀሱት በጣሪያው ሥር በሚሽከረከር ረጅም የብረት ዘንግና ከዘንጉ ወደ ማሽኑ በሚወርድ ጠፍር ነበር። የሠራተኛ ልብስ ወይም ፀጉር በጠፍሩ ከተያዘ ሰውነቱ ሁሉ ተከትሎ ወደ ዘንጉ ይሳብ ነበር። ሕጉ ኢንስፔክተሩ መከለያ የሌለው አደገኛ ማሽን ባየ ጊዜ ለባለፋብሪካው በጽሑፍ እንዲያስታውቀው አዘዘ። ከዚህ በኋላ በዚያው ማሽን ሰው ቢጐዳ ባለፋብሪካው ከ10 እስከ 100 ፓውንድ ይቀጣል፤ ገንዘቡም ለተጐዳው ሰው ሊሰጥ ይቻላል። የዚህ ወረቀት ኀይል በምን ላይ እንደ ነበረ ልብ እንበል። ወረቀቱ ማሽኑን አላስቆመም፤ ባለፋብሪካውንም ያን ቀን አልቀጣውም። ያደረገው ነገር ቢኖር «አላወቅሁም» የሚለውን ቃል ከአፉ መንጠቅ ነው። አደጋው ከመድረሱ በፊት ዕውቀቱ በቀንና በፊርማ ተመዝግቧልና።

ባለፋብሪካዎቹም ይህን በሚገባ ተረድተውት ነበር። በ1854 የአገር ግዛት ሚኒስቴር ዘንጎች ሁሉ፥ ከፍ ብለው የተሰቀሉትም ሳይቀሩ፥ እንዲከለሉ የሚያሳስብ ደብዳቤ ባስተላለፈ ጊዜ በማንቸስተር ተሰብስበው በ1855 ይህን የሚቃወም ማኅበር አቋቋሙ። ታላቁ ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ ያዘጋጀው የነበረው ሳምንታዊ መጽሔት በማሽን ስለሚቀጠቀጡ ሠራተኞች ተከታታይ ጽሑፍ አውጥቶ ነበርና ማኅበሩን የሠራተኛ አካል መቍረጫ ማኅበር የሚል የፌዝ ስም ሰጠው። ፌዙ ግን ሕጉን አላዳነውም። በ1856 በወጣው ማሻሻያ መከለያ በግድ የሚደረገው ሴቶችና ልጆች ሊደርሱበት በሚችሉት ማሽን ላይ ብቻ ሆነ። ለቀረው ኢንስፔክተሩ ማስጠንቀቂያ ሲጽፍ ባለፋብሪካው በግልግል ዳኞች ይታይልኝ ማለት ይችላል፤ የግልግል ዳኞቹም የማሽን ሥራ ዐዋቂዎች መሆን አለባቸው። የማሽን ሥራ ዐዋቂ ደግሞ እንጀራው ከባለፋብሪካው እጅ ነው። ሆርነር ይህን አጥብቆ ነቅፎታል፤ እኛም ነቀፋው በቂ ምክንያት ነበረው እንላለን። ይግባኝ መኖሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ይግባኝ ሰሚው ከሁለት ወገን የአንዱ ጥገኛ ከሆነ ማስጠንቀቂያው ከመጻፉ በፊት እንደ ተሻረ ይቈጠራል።

በሌላ በኩል በከተሞች ውስጥ የኮሌራ በሽታ ያስከተለው ፍርሀት ሌላ መንገድ ከፈተ። በ1848 የመጀመሪያው የሕዝብ ጤና ሕግ ወጣ፤ በ1875 በወጣው ሰፊ ሕግ ደግሞ የከተማ ሹማምንት ሽታ ያለው ጕድጓድ፥ የቈሸሸ ግቢ፥ ጤና የሚጐዳ ማናቸውንም ነገር ሲያገኙ ለባለቤቱ በጽሑፍ አስታውቀው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲያስወግድ ያዝዙት ጀመር። ባለቤቱ እንቢ ቢል ሹሙ በዳኛ ፊት ያቆመዋል። በ1863 ስለ ሶዳ ፋብሪካዎች የወጣው ሕግ ደግሞ ከጭስ ማውጫው ከሚወጣው የአሲድ ጋዝ ከመቶ 95ቱ በውኃ ተይዞ እንዲቀር አዘዘ። በዚህ ሕግ የተሾመው የመጀመሪያው ኢንስፔክተር ሮበርት አንገስ ስሚዝ የኬሚስትሪ ሊቅ ነበር፤ ከመክሰስም ይልቅ ለባለፋብሪካዎቹ ጋዙ እንዴት እንደሚያዝ ማስተማርን መረጠ። ማስተማሩም ብዙ ፍሬ ሰጠ። ምክንያቱ ግን አንድ ነገር እንዲረሳ አያስፈልግም፤ ሕጉ በቍጥር የሚለካ ነገር አዞ ነበር። ከመቶ 95 ሞላ ወይስ አልሞላም? ይህ በመሣሪያ ይታወቃል፤ ብዙም አያከራክርም።

የስሚዝ ልማድ ግን ቍጥር በሌለበትም ሥራ ሁሉ ተዛመተ። የእንግሊዝ ኢንስፔክተር ከዚያ ወዲህ ሲጐበኝ ጥፋቱን ይነግራል፥ ደብዳቤ ይጽፋል፥ ተመልሶ ይጐበኛል፥ ደግሞ ይጽፋል። ካርሰን የተባለ የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ በ1960ዎቹ ዓመታት የነበረውን መዝገብ መርምሮ በ1970 ባወጣው ጥናት 200 ድርጅቶች 3,800 ያህል የሕግ ጥሰት ተመዝግቦባቸው ሳለ ወደ ፍርድ ቤት የደረሱት ከመቶ ሁለት እንኳ እንዳልሞሉ ገለጠ። የቀሩት በደብዳቤ አለፉ። ደብዳቤው ትሕትና የተሞላበት ነበር፤ በዚህ አንነቅፈውም። ነገር ግን ቀን አልነበረውም፤ ቀኑ ቢያልፍም ደብዳቤውን አለመፈጸም ብቻውን ወንጀል አልነበረም። ስለዚህ ኢንስፔክተሩ ሁለት መሣሪያ ብቻ ነበረው፤ አንዱ በጣም ቀላል፥ አንዱ በጣም ከባድ። ከባዱን ለማንሣት እያመነታ ቀላሉን ደጋግሞ ይወረውር ነበር።

አሁን ከዚህ ታሪክ ሁሉ ልብን ወደሚነካው ክፍል ደርሰናል። በዌልስ አገር፥ በመርተር ቲድቪል አጠገብ አበርቫን የምትባል የማዕድን መንደር አለች። ከመንደሯ በላይ ባለው ተራራ ላይ ከከሰል ድንጋይ ማዕድን የሚወጣው ጥራጊ ለብዙ ዓመታት ይከመር ነበር። ሰባተኛው ክምር በ1958 ሲጀመር ከሥሩ የውኃ ምንጭ ነበረ። ምንጩ በካርታም ላይ የተመለከተ፥ የመንደሩም ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነበር። ማዕድኑና ክምሩ የመንግሥቱ የብሔራዊ የከሰል ድንጋይ ቦርድ ንብረት ናቸው። ከክምሩ ቊልቊል ደግሞ የፓንትግላስ ትምህርት ቤት ይገኛል።

በ1963 የከተማው መሐንዲስ ለከሰል ድንጋይ ቦርድ ሹማምንት ደብዳቤ ጻፈ። የደብዳቤው አርእስት ራሱ ከፓንትግላስ ትምህርት ቤቶች በስተጀርባ የሚደፋው የከሰል ጭቃ አደጋ እንዳለው የሚያመለክት ነበር። በ1964 መጀመሪያ ላይም አንዲት የከተማው ምክር ቤት አባል ክምሩ ቢንሸራተት ትምህርት ቤቱን በሙሉ ሊያሰጋ እንደሚችል በስብሰባ ላይ ተናገሩ። መልስ ተሰጠ፤ ደብዳቤ ተለዋወጡ፤ ክምሩም ማደጉን ቀጠለ። ጥቅምት 21 ቀን 1966 (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) ዐርብ ጧት ልጆቹ ለአጭር ዕረፍት ሊለቀቁ የመጨረሻው ቀን ነበር። ከክፍላቸው ገብተው ገና መቀመጣቸው ነው፤ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን በውኃ የራሰው ክምር ተናደ። ትምህርት ቤቱንና በአጠገቡ ያሉትን ቤቶች ደፍኖ 144 ሰዎች ገደለ። ከእነዚህ 116ቱ ሕፃናት ነበሩ።

በዳኛ ኤድመንድ ዴቪስ ሰብሳቢነት የተቋቋመው መርማሪ ጉባኤ 76 ቀን ተቀምጦ ምስክር ሰማ። በ1967 ባወጣው ራፖር ጥፋቱ የከሰል ድንጋይ ቦርድ መሆኑን ያላንዳች ማመንታት ገለጠ። ከዚያው ጋር ለእኛ ነገር እጅግ የሚያስፈልግ ሌላ ቃል አሰፈረ፤ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ስለ ማዕድን ጥራጊ ክምር ደኅንነት የሚናገር ሕግ አልነበረም። በ1954 የወጣው የማዕድን ሕግ ከመሬት በታች የሚሠራውን ሰው ይጠብቅ ነበር፤ ከክምሩ በታች በክፍል ውስጥ የሚቀመጠውን ልጅ ግን አያውቀውም። እንግዲህ የመሐንዲሱ ደብዳቤ ምን ነበር? አደጋውን አይቶ ተናግሯል፤ ለሚመለከተውም ሹም ጽፏል። ሆኖም ከበስተኋላው የሚያቆመው አንቀጽ አልነበረም፤ ቀን አልቆረጠም፤ መቍረጥም አይችልም ነበር። ክምሩን «አቁሙ» ለማለት ሥልጣን ያለው ሰው በአገሩ ሁሉ አልተገኘም። ከዚህ የተነሣ በአገሩ ምክር ቤት የጥራጊ ክምር ሕግ በ1969 ጸደቀ። በአደጋው ምክንያት ግን አንድም ሰው አልተከሰሰም።

በዚህ ላይ የተጨመረውን ማለፍ አንችልም። ከአበርቫን በላይ የቀሩትን ክምሮች ለማስወገድ መንግሥት ገንዘብ ሲያንሰኝ በማለት ከዓለም ዙሪያ ሰው ለሐዘንተኞቹ ካዋጣው ገንዘብ ላይ 150,000 ፓውንድ በ1968 አስከፈለ። ይህ ገንዘብ የተመለሰው በ1997 ነው፤ የሃያ ዘጠኙን ዓመት ዋጋ ለመካስ የሚበቃ ገንዘብ ደግሞ የዌልስ መንግሥት የጨመረው በ2007 ነው። ልጆቻቸውን የቀበሩ ወላጆች ለክምሩ ማንሻ ከፈሉ ማለት ነው።

በአደጋው ጊዜ የከሰል ድንጋይ ቦርድ ሊቀ መንበር የነበሩት ሎርድ ሮበንስ ናቸው። ከሥራቸው ለመልቀቅ ጠይቀው አልተፈቀደላቸውም። ይባስ ብሎም በ1970 የሥራ ሚኒስትሯ ባርባራ ካስል በሥራ ላይ ስለሚደርስ አደጋ የሚያጠና ጉባኤ ስታቋቁም ሰብሳቢ አድርጋ የሾመቻቸው እኒሁኑ ሰው ነው። ይህ ሹመት በአበርቫን እንዴት እንደ ተሰማ ለመገመት ብዙ ማሰብ አያሻም። ሆኖም የታሪክ ጸሐፊ በሰውየው ምክንያት ሥራውን እንዳያንቋሽሽ መጠንቀቅ አለበት። በ1972 የወጣው የሮበንስ ራፖር በእንግሊዝ አገር በየዓመቱ 1,000 ያህል ሰዎች በሥራ ላይ እንደሚሞቱና ግማሽ ሚሊዮን ያህል እንደሚጐዱ ተናግሮ፥ ዘጠኝ ትልልቅ ሕጎችና ወደ 500 የሚጠጉ ደንቦች እያሉ ይህ የሚሆነው ሕግ አንሶ ሳይሆን ሕግ በዝቶ ሰው በመታከቱ ነው አለ። በዚህ አባባል ሁሉ አንስማማም። በአበርቫን የታጣው ራሱ ሕጉ ነበርና፤ ሮበንስ ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ማወቅ ነበረባቸው። ራፖሩ ግን ለኢንስፔክተሮች ሁለት አዲስ ወረቀት እንዲሰጣቸው አሳብ አቀረበ፤ ይህ አሳብ ራፖሩን አስመስግኖታል።

ሕጉ ገና በምክር ቤት ሲመከርበት ሳለ በፍሊክስቦሮ የሚገኝ የኬሚካል ፋብሪካ ሰኔ 1 ቀን 1974 ፈንድቶ 28 ሰዎች ሞቱ። ሁለት ወር ሳይሞላ፥ ሐምሌ 31 ቀን፥ በሥራ ላይ ስለ ጤንነትና ስለ ደኅንነት የሚናገረው ታላቁ ሕግ ጸደቀ። በዚህ ሕግ ቁጥር 21 መሠረት ኢንስፔክተሩ ሕግ ሲጣስ ባየ ጊዜ የማሻሻያ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። ጽሑፉ የተጣሰውን ሕግ በቍጥር መጥቀስ፥ ኢንስፔክተሩ ይህን ያለበትን ምክንያት መግለጥና ጥፋቱ የሚታረምበትን ቀን መወሰን አለበት። ቀኑም ለይግባኝ ከተሰጠው 21 ቀን ሊያንስ አይችልም። በቁጥር 22 መሠረት ደግሞ በሰው ላይ ከባድ ጉዳት የማድረስ ሥጋት ያለበትን ሥራ የሚያስቆም የክልከላ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። ለዚህኛው ሕግ መጣሱን ማስረዳት አያስፈልግም፤ አደጋው ከታየ ይበቃል። የተሰጠውን ማስጠንቀቂያ አለመፈጸም በራሱ ወንጀል ሆነ፤ እስከ እስራት ያደርሳል።

በይግባኝ ነገር በሁለቱ መካከል የተደረገው ልዩነት የሕግ ሰሪዎቹን አስተዋይነት ያሳያል። የማሻሻያው ማስጠንቀቂያ ይግባኝ ሲባልበት ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ታግዶ ይቈያል። የክልከላው ግን ጉባኤው ለይቶ ካላዘዘ በቀር አይታገድም። ይግባኝ ባዩ ቢረታ ያጣው ጥቂት የሥራ ቀን ነው፤ ማስጠንቀቂያው ታግዶ ኢንስፔክተሩ ቢረታ ግን የሚጠፋው ነፍስ ተመልሶ አይገኝም። ይግባኝ ሰሚውም እንደ ስቶክፖርት የባለፋብሪካ ማኅበርተኛ አይደለም፤ ከአሠሪም ከሠራተኛም ወገን ሰዎች ከሕግ ዐዋቂ ጋራ የሚቀመጡበት ጉባኤ ሆነ። በ1988 ደግሞ ሌላ ሕግ ወጥቶ የሕዝብን ደኅንነት የሚነኩ ማስጠንቀቂያዎች ማንም ሰው ሊያየው በሚችል መዝገብ እንዲጻፉ አዘዘ። ከቅጣቱ ይልቅ ይህ መዝገብ የሚያስጨንቀው ድርጅት እንደማይታጣ እንገምታለን፤ ገንዘብ ከከፈሉት በኋላ ይረሳል፥ ስም ግን እንዲህ በቀላል አይታጠብም።

በ1974 በሥራ ላይ የሞቱት ተቀጣሪዎች 651 ነበሩ፤ በቅርብ ዓመታት ቍጥሩ በዓመት ከ150 በታች ወርዷል። ይህ ሁሉ የማስጠንቀቂያው ሥራ ነው ብሎ የሚናገር ቢኖር አንከተለውም። የከሰል ድንጋይ ማዕድኑ ተዘግቷል፤ ብዙው የብረት ፋብሪካና የመርከብ መሥሪያ ተዘግቷል፤ ሠራተኛው ከጕድጓድ ወጥቶ ወደ ቢሮ ገብቷል። ሆኖም የሕጉን ድርሻ ዜሮ የሚያደርግ ሰውም ቢሆን አያሳምነንም።

ኢንስፔክተርም ሰው ነውና ይሳሳታል። በሚያዝያ 2013 ኢንስፔክተሮች በሰሜን ባሕር ላይ የሚገኘውን ካፕቴን የተባለውን የሼቭሮን ኩባንያ የነዳጅ ጣቢያ ሲጐበኙ ወደ ሄሊኮፕተር ማረፊያው የሚያወጣውን ደረጃ ዝገት በልቶት አገኙ። በመሣሪያ ቢመቱት ብረቱ ተበሳ። ሰው ረግጦት ሊወድቅ ይችላል ብለው የክልከላ ማስጠንቀቂያ ጻፉ። ኩባንያው ይግባኝ አለ፤ ብረቱንም ወደ የብስ አውጥቶ አስመረመረ። ምርመራው ብረቱ የተወሰነውን ጥንካሬ እንደሚያሟላና ሰው ተሸንቍሮ የሚወድቅበት ሥጋት እንዳልነበረ አሳየ። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነበር፤ ጉባኤው መመርመር ያለበት ኢንስፔክተሩ በዚያን ቀን ያወቀውን ብቻ ነውን ወይስ ከዚያ በኋላ የተገኘውን ማስረጃ ጭምር? ነገሩ እስከ ላይኛው ፍርድ ቤት ደርሶ በየካቲት 2018 ተወሰነ። በኋላ የተገኘውም ማስረጃ ይታያል፤ ማስጠንቀቂያውም ይሰረዛል ተባለ። ፍርዱ ግን ኢንስፔክተሩን አላሳፈረም። በዚያን ቀን ባየው ዝገት ላይ ተመሥርቶ መጻፉ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ያልነበረ አደጋ ሳይኖር ማስጠንቀቂያው በመዝገብ ላይ እንዲቀር ግን አያስፈልግም። በእኛ አስተያየት ሚዛኑ በትክክል የተደረገ ነው። ኢንስፔክተሩ ስሕተት ሊሆን ይችላል ብሎ እጁን ቢያጥፍ አበርቫን ይመጣል፤ ስሕተቱም የማይታረም ቢሆን ማስጠንቀቂያውን የሚያከብር አይገኝም።

ወደ አገራችን መለስ ብንል ማስጠንቀቂያ ለሕጋችን እንግዳ አይደለም። በእኛ አቈጣጠር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1772 ተዋዋይ ወገን ውሉ አልተፈጸመልኝም ብሎ ከመነሣቱ በፊት ሌላውን ወገን ግዴታውን እንዲፈጽም ማስጠንቀቅ እንዳለበት ይደነግጋል። ይህ በሰውና በሰው መካከል ነው። በመንግሥት ሹምና በአሠሪ መካከል ያለውን ደግሞ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 377 ውስጥ እናገኘዋለን። ይህ ዐዋጅ በኋላ በ2011 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 1156 ተተክቷል። አብዛኛው የቢሮ ሠራተኛ ማስጠንቀቂያ ሲባል የሚያስታውሰው አርፍዶ በመግባቱ ከአለቃው የተጻፈለትን ደብዳቤ ነው። በአሠሪው ላይ የሚጻፍ ማስጠንቀቂያ መኖሩን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

በ1996ቱ ዐዋጅ መሠረት የሥራ ሁኔታ ተቈጣጣሪው የሥራው ቦታ ወይም መሣሪያው ለሠራተኛው ጤንነትና ደኅንነት አሥጊ ሆኖ ሲያገኘው አሠሪው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲያስተካክል ያሳስበዋል። ካላስተካከለ ትእዛዝ ይሰጣል፤ አደጋው የማይቀር ከሆነ ደግሞ ወዲያው እርምጃ እንዲወሰድ ያዝዛል። በትእዛዙ ያልተስማማ አሠሪ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል፤ ሊደርስ የተቃረበውን አደጋ ለመከላከል የተሰጠው ትእዛዝ ግን ይግባኝ ስለ ተባለ ብቻ አይታገድም። ተቈጣጣሪው በሥራ ሰዓት ወደ ማናቸውም የሥራ ቦታ ሲገባም አስቀድሞ እንዲያስታውቅ ዐዋጁ አላስገደደውም።